የሻንካ እምቢታ፦ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጉዞ የሚገኝ ራስን የማነጽ ትምህርት

«ኦዳ ኦክ ኦራክል» ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ፣ በግጥም የጻፈው አሳዛኝ ተውኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። መጽሐፉ ቀጭን፣ ባለታሪኮቹም ጥቂት ናቸው፦ ሻንካ፣ ሚስቱ ኡኩቴ፣ ወዳጁ ጎኣ፣ የሙታን አያቶችን ፈቃድ የሚናገረው አዋቂ፣ ሽማግሌዎችና ሕዝቡ። ዋናው ሰው ሻንካ ነው። መንገዱ በእግር ሲለካ አጭር ነው፤ ከተወለደበት ሸለቆ እንኳ አይርቅም። ነገር ግን ሌሎች ከወሰኑለት ሕይወት ተነሥቶ ራሱ ወደሚወስነው ሕይወት የሚሻገር ሰው የት የት እንደሚሰናከል የእርሱን ያህል የሚያሳይ ገጸ ባሕርይ በአገራችን ድርሰት ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ጸጋዬ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር አማራ ነበሩ። ኦሮምኛንና አማርኛን በቤቱ፣ ግእዝን በቤተ ክህነት፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት አገኘ። አምቦ ሲማር፣ ገና በ13 ዓመቱ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። በኋላ በአሜሪካ ሕግ፣ በለንደንና በፓሪስ ቲያትር ተምሮ ተመለሰና የዛሬውን ብሔራዊ ቲያትር መራ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል 29 ዓመቱ ነበር። ሻንካን የፈጠረው በዚሁ በወጣትነቱ ነው፤ ተውኔቱ የወጣትን ጥያቄ የያዘውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የታሪኩ ቦታ የኦዳ ሸለቆ ነው። ኦዳ በኦሮሞ ዘንድ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚነገርበት፣ እርቅ የሚወርድበት ግዙፍ ዛፍ ነው። በምዕራብ ሸዋ በኩል ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ሆኖ ሲከበር ኖሯል። ጸጋዬ ግን ዛፉን እንዳለ አልወሰደውም። በገዳ ሥርዓት ኦዳ ሥር ሰዎች ተከራክረው ይወስናሉ፤ በተውኔቱ ውስጥ ግን ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፣ ክርክር የለም። ስለዚህ ሥራውን የኦሮሞ እምነት መዝገብ አድርጎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ደራሲው በንዑስ ርእሱ የጥቁር ሕዝቦች አፈ ታሪክ ብሎታል፤ መነበብ ያለበትም እንደዚያው ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ሻንካ ኡኩቴን እንዲያገባ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውም ለአያቶች መንፈስ መሥዋዕት ሆኖ እንዲቀርብ አዋቂው ያዝዛል። ሻንካ ያገባል፤ ሚስቱን ግን አይነካትም። ልጅ ካልተወለደ የሚታረድ ልጅ አይኖርም። ወዳጁ ጎኣ ከባዕዳን ዘንድ ኖሮ የተመለሰ፣ የክርስትናን ትምህርት የሰማ ሰው ነው፤ የሻንካን ጥርጣሬ ያጠናከረውም የእርሱ ነገር ነው። ኡኩቴ ልጅ ትሻለች። ባሏ እንደማይቀርባት ስታውቅ ወደ ጎኣ ትሄዳለች፣ ትጸንሳለችም። ሥርዓቱ ፈረሰ ተባለ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ አዋቂው ሁለቱ ወዳጆች ይዋጉ ብሎ ፈረደ። ጎኣ በሻንካ እጅ ሞተ። ኡኩቴ ሴት ልጅ ወልዳ በምጥ ሞተች። ሻንካ ሕፃኗን ይዞ ከሕዝቡ ቁጣ ጋር ተፋጠጠ።

ሌሎች የገቡት ቃል

የሻንካ መከራ የሚጀምረው እርሱ ባልገባው ቃል ነው። ልጁ ገና ሳይወለድ፣ እርሱም ገና ሳያገባ፣ ዕዳው ተቆርጦ ተቀምጧል። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከተመሳሳይ ቋጠሮ ነው፦ ልጆቻቸው እየሞቱ ያስቸገሯቸው ወላጆች በዛብህን ከሞት ቢተርፍ ለእግዚአብሔር አገልጋይ ሊያደርጉት ተሳሉ፤ ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ስለቱ ሕይወቱን ሰንጥቆ አለፈ። ወደ ኋላ ከተሄደም በመጽሐፈ መሳፍንት ዮፍታሔ ለድሉ የተሳለውን በአንድ ልጁ ከፍሏል። የሦስቱም ታሪክ አንድ ነገር ይጋራል፤ የሚሳለው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ነው።

በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በሆለታም ሆነ በባኮ ዛሬ የበኩር ልጅ የሚጠይቅ አዋቂ የለም። የተቆረጠ ዕዳ ግን አለ። ልጁ ሐኪም ይሆናል ተብሎ በሬ ተሽጦበታል። ልጅቷ ለእገሌ ቤት ትሆናለች ተብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ተገብቷል። ወንድ ልጅ የአባቱን መሬት ይዞ ይቀመጣል ተብሎ ገና በሕፃንነቱ ተመርቋል። እነዚህን ሁሉ ክፉ ምኞቶች ማለት ግፍ ነው፤ አብዛኞቹ ከፍቅር የመነጩ ናቸው። ጸጋዬም ትእዛዙን ያወረዱትን ሰዎች ጭራቅ አድርጎ አልሣላቸውም። የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፦ አያቶች ቢቆጡ ዘሩ ይጠፋል ብለው የሚሰጉ።

ስለዚህ የሻንካ የመጀመሪያ እርምጃ ቀላል ሆኖ መታየት የለበትም። ሁሉም እውነት ነው ብሎ የተቀበለውን ነገር አንድ ሰው ብቻውን «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ በልቡ መዝኖታል። የክብደቱ ልክ የሚታወቀው ከሌላ ገጸ ባሕርይ ጋር ሲነጻጸር ነው። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ውስጥ ኦኮንክዎ የሚባል ሰው በቤቱ ሦስት ዓመት የኖረ፣ አባቴ ብሎ የሚጠራውን ልጅ የመንደሩ ቃል ነጋሪ ይገደል ብሎ ስላዘዘ በገዛ እጁ ይቆርጠዋል። ያደረገው በእምነት ጽናት አይደለም፤ ሰዎች ደካማ ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ኦኮንክዎ በይሉኝታ ገደለ፤ ሻንካ ይሉኝታን ተሻግሮ አልገድልም አለ። እስከዚህ ድረስ ሻንካ ከኦኮንክዎ በብዙ ይበልጣል።

ሆኖም በዚያው በአቼቤ መጽሐፍ ውስጥ ኦቢየሪካ የሚባል ሌላ ሰው አለ። ከገዳዮቹ ጋር አልሄደም፤ ለምን እንዳልሄደም ለወዳጁ ፊት ለፊት ነግሮታል። ሻንካን ወደ ጥፋት የወሰደው ይህን ሁለተኛውን ነገር አለማድረጉ ነው።

በሆድ የተያዘ እምቢታ

ሻንካ እምቢ ያለው በገላው ብቻ ነው። ትእዛዙን ለማስቀረት ያገኘው ዘዴ ከሚስቱ መራቅ ነው፤ ዘዴው ደግሞ ሙሉ ዋጋውን የሚያስከፍለው እርሱን ሳይሆን እርሷን ነው። ትዳሩ በሕዝብ ፊት ተፈጽሟል፤ ጎጆው ቆሟል፤ ሴትዮዋ ሚስት ተብላለች። ከጎጆው ውጭ ያሉት የሚያዩት ሆዷን ነው። ወር ይመጣል፣ ወር ይሄዳል፤ ሆዷ ባዶ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የማትወልድ ሴት ጥፋቷ የራሷ ነው የሚባልበት አገር ነውና። ሻንካ የገዛ ልጁን ከቢላዋ ለማዳን ብሎ ሚስቱን በየቀኑ ለሐሜት ይሠዋታል። አያቶች ከጠየቁት መሥዋዕት ሸሽቶ ሌላ መሥዋዕት አቀረበ፤ ያንን ግን መሥዋዕት ብሎ ስላልጠራው አላየውም።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል በሻንካ ቤት አይሠራም። እዚያ ዝምታው ነቅዟል፤ ነቀዙም ትዳሩን፣ ወዳጅነቱን፣ በመጨረሻም የሰው ነፍስ በልቷል።

ይህን በዛሬ ኑሮ መልክ ማየት አይከብድም። አንድ የጊንጪ ወጣት እንውሰድ። ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ የጎረቤት ቀበሌ ልጅ ታጭታለታለች፤ ጥሎሽ ተሰጥቷል። እርሱ ትዳሩን አልፈለገውም። ያልፈለገበት ምክንያት ተገቢ ሊሆን ይችላል፦ ትምህርቱን አልጨረሰም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ወይም ገና መስሎ ታይቶታል። ነገር ግን አባቱን «አልፈልግም» አይላቸውም፤ ያከብራቸዋላ። ሥራ አገኘሁ ብሎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሠርጉን ለፋሲካ፣ ከፋሲካ ለመስቀል ያሻግራል፤ ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። እርሱ በራሱ ዓይን ማንንም አልበደለም፤ አባቱን አልደፈረም፣ ያልወደዳትንም አላገባም። በገበያ ቀን «ሠርጉ ምነው ዘገየ?» ተብላ የምትጠየቀው ግን የልጅቷ እናት ናት። ሌላ ጠያቂ ቢመጣ ልጅቷ የሰው እጮኛ ናት። ሁለት ዓመት ታስራ የምትቀመጠው፣ እርሱ አንድ አስቸጋሪ ምሽት ከአባቱ ጋር ላለማሳለፍ ሲል ነው። ሻንካ ይህን ወጣት ቢያገኘው ወንድሙን ያገኘ ያህል ያውቀዋል።

ተውኔቱ በዚህ ረገድ የሚሰጠው መመዘኛ ጥብቅ ነው፦ ያልተነገረ እምቢታ የባለቤቱን ሰላም ይጠብቅ ይሆናል፣ ሸክሙን ግን አያነሣም፤ ከጀርባ ወደ ጀርባ ያዛውረዋል፣ ያውም ወደ ደካማው። እምቢታ ዕድገት የሚሆነው ዋጋውን ራሱ ባለቤቱ ሲከፍል ነው። ሻንካ ለአዋቂው «አልታዘዝም» ቢል ምናልባት ይሰደድ ነበር፣ ምናልባት ይገደል ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቢያንስ ግን ለኡኩቴ ሊነግራት፣ ከእርሷ ጋር ሊመክር ይችል ነበር። ሁለት ሰው የሚያውቀው እምቢታ አንድ ሰው ከደበቀው የተለየ ነገር ነው።

ኡኩቴን በሻንካ ታሪክ ውስጥ እንደ አጋጣሚ ማየት የብዙ አንባቢ ድካም ነው። እርሷም የራሷ ጉዞ አላት፤ እንዲያውም ከሦስቱ ቶሎ ብላ ወደ ድርጊት የገባችው እርሷ ናት። የወሰደችው መንገድ ጥፋት ላይ ጣላት፤ ነገር ግን ሌላ ምን በር ነበራት ብሎ መጠየቅ ፍትሕ ነው። በኦሮሞ ባህል የተበደለች ሚስት ሲንቄዋን፣ ያገባች ሴት የምትይዘውን በትር፣ ይዛ ብትጮህ ሴቶች ተሰብስበው ይቆሙላታል፤ ባልየውም በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ጸጋዬ ይህን በር ከመድረኩ ላይ አንሥቶታል። በተውኔቱ ውስጥ ኡኩቴ የምትጮኽበት ጉባኤ የላትም። የደራሲው ምርጫ ታሪኩን አጠንክሮታል፤ ለአንባቢ የሚተወው ነገር ደግሞ አለ፦ ሰው የደረሰበትን የሚናገርበት ቦታ ሲያጣ የሚያደርገውን ነገር በባሕርዩ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ጎኣ በሌላ በኩል አዲስ ነገር አውቆ የመጣ ሰው ድክመት ማሳያ ነው። ከባዕዳን ዘንድ የሰማው ትምህርት ስለ ፍቅር፣ ስለ አንድ አምላክ፣ ደም ስለማይጠይቅ እምነት ነው። በዚህ ትምህርት የአዋቂውን ትእዛዝ መጠርጠር ቻለ፤ ወዳጁም እንዲጠረጥር አደረገ። ከዚያ በኋላ ግን ጥርጣሬውን ይዞ ከሻንካ ጋር እስከ መጨረሻው አልቆመም። ወዳጁ በደበቀው ቁስል ላይ ጨመረበት። ከትምህርት ተመልሶ የመንደሩን ልማድ መንቀፍ የቀለለው፣ በነቀፈው ልማድ የታሰረን አንድ ሰው ማውጣት ግን የከበደው ብዙ የተማረ ሰው አለ። የጎኣ ዕውቀት እውነት ነበር፤ የጎደለው ታማኝነት ነው።

ቁጣና ትእዛዝ ሲገጥሙ

የተውኔቱ በጣም አስተማሪ ቦታ ውጊያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታለፈውም እርሱ ነው። ሻንካ እስከዚያ ድረስ የአዋቂውን ቃል ሲሸሽ የኖረ ሰው ነው። ልጅ መግደል ስሕተት መሆኑን ያወቀ ኅሊና አለው። ከጎኣ ጋር ተዋጋ ሲባል ግን ተዋጋ፤ ገደለም። ያው አዋቂ፣ ያው ዛፍ፣ ያው የአያቶች ስም ነው። የተለወጠው ሻንካ የቆመበት ቦታ ነው፦ አሁን ተበድሏል። ትእዛዙ ከቁስሉ ጋር ስለገጠመ ትእዛዝ መሆኑን ሳያስተውል ቀረ።

እዚህ ላይ ሻንካ ገና አለማደጉ ይገለጣል። ፍላጎቱን የሚቃወም ትእዛዝ ሲመጣ መመርመር ለማንም ይቻላል፤ ሰው የሚፈተነው ትእዛዙ የልቡን ሲነግረው ነው። የትናንት ነጻ ሰው ዛሬ ቂሙን የሚባርክለት ድምፅ ሲያገኝ ያንን ድምፅ ይከተላል፤ ያውም የተከተለው ራሱን እየመሰለው። በቤተሰብ ጠብ፣ በወሰን ክርክር፣ በፖለቲካ ሰልፍ ይህ ነገር ሲደጋገም ይታያል፦ ጠብ የማይወድ የነበረ ሰው ጠቡ የእርሱን ቁስል ሲነካ የመጀመሪያው ድንጋይ ወርዋሪ ይሆናል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሽማግሌዎች ሁለት ተጣዮችን ሲያስታርቁ አስቀድመው የሚያደርጉት ተበዳዩን ማብረድ የሆነው በከንቱ አይደለም። የበዳይ ነገር ግልጽ ነው፤ የተበዳይ ቁጣ ግን እውነት ስለያዘ ለመመርመር ይቸግራል።

ሻንካን የሚያበርድ ሽማግሌ አልነበረም። የነበሩት ሽማግሌዎች ከትእዛዙ ጎን ነበሩ።

የእርሱ ያልሆነች ልጅ

ጎኣ ከሞተ፣ ኡኩቴም በምጥ ከሄደች በኋላ የቀረችው አንዲት ሕፃን ናት። የሻንካ ልጅ አይደለችም። የከዳው ወዳጁ ልጅ ናት፤ የተዋረደበት ማስረጃም ናት፤ ለሕዝቡ ደግሞ የመዓቱ ምክንያት። ሻንካ ሊተዋት ቢፈልግ የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን ያዛት። ራሱ ያልወለዳትን ልጅ አቅፎ የገዛ ሕዝቡን ተጋፈጠ።

የሻንካ ዕድገት እዚህ ላይ ነው፣ ከዚህ በፊትም የትም አይደለም። በመጀመሪያ ያልተወለደ የራሱን ልጅ ለማዳን በድብቅ ሸሸ፤ በመጨረሻ የተወለደች የሌላ ሰው ልጅ ለማዳን በአደባባይ ቆመ። ያኔ የተሠወረው አሁን ታየ፤ ያኔ ሌላ ሰው የከፈለውን አሁን ራሱ ሊከፍል ተዘጋጀ። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከአብራክ ከተከፈለ ልጅ እኩል መብት ያለው ነው፤ ሥርዓቱ ዛሬ በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግም በዚሁ ስም ታውቋል። ጉዲፈቻ ግን በዘመድ ፊት፣ በምርቃትና በድግስ የሚፈጸም ነው። ሻንካ ያለ መራቂ፣ ያለ ምስክር፣ በጩኸት መካከል አባት ሆነ።

ይህ የተበላሸውን አያቃናም። ጎኣ አይነሣም፤ ኡኩቴም ባሏ ለምን እንደራቃት ከአፉ ሰምታ የምትረዳበት ቀን አልፏል። ስለ ራስ ዕድገት የሚጻፉ ብዙ መጻሕፍት ከዚህ ዓይነት ፍጻሜ ይሸሻሉ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ታዋቂ ሥራው የዓለም ጀግኖች ታሪክ በአንድ መንገድ እንደሚሄድ አሳይቷል፦ ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፣ ይፈተናል፣ በረከት ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የሥልጠና አዳራሾች ይህን መንገድ እንደ ደረጃ መሰላል ተጠቅመውበታል። ሻንካ በመሰላሉ ላይ አይገኝም። ከቤቱ አልወጣም፤ በፈተናው ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ይዞት የሚመለስ በረከት የለም፤ ሕዝቡም ሊቀበለው አልወጣም። ለአብዛኛው ሰው ግን ከጀግናው ይልቅ ይህኛው ይቀርባል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚበስለው ሌሎች ለስሕተቱ ዋጋ ከከፈሉ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቀርለት ጥያቄ ቀሪውን ማን ይሸከም የሚል ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻንካን አንብቦ «ስለዚህ የወላጅን ቃል ሁሉ እምቢ ማለት ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ተውኔቱን አለማንበብ ነው። በዛብህ ስለት የጣሉበትን ወላጆቹን አልጠላም፤ ሻንካም ሕዝቡን ጥሎ ወደ ባዕዳን አልሄደም። ሁለቱም የሚወዱት ሰው የጠየቃቸው ነገር ስሕተት የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። መወደዱም፣ ስሕተቱም እውነት ነው። ከሁለቱ አንዱን ክዶ ነገሩን ማቅለል ይቻላል፤ ሻንካ ሁለቱንም ይዞ መቆም የቻለው በመጨረሻዋ ሰዓት ብቻ ነው።

ጸጋዬ በየካቲት 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐርፎ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ስሙ በአምቦ ይታወቃል፤ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ግን ከስሙ ያነሰ ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ መጻፉም ከብዙ አንባቢ አርቆታል። ተውኔቱ አጭር ነው፤ ዋነኞቹ ተዋንያን ጥቂት ናቸው፤ ለመድረኩም አንድ ዛፍና አንድ ጎጆ ቢኖር ይበቃል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጊንጪ የምትገኙ የትምህርት ቤት የቲያትር ክበባት ሆይ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ አዘጋጅታችሁ አሳዩት፤ ትዕይንቱ ሲያልቅም ወላጆችና ልጆች እዚያው ተቀምጠው እንዲነጋገሩበት ግማሽ ሰዓት ስጧቸው።